ፖስትግሬስን ስታሻሽሉ ቪዋችሁን ፈትሹ

ደሴ ውስጥ ላለ አንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ ዳታቤዙን የምይዘው እኔ ነኝ። የዳታቤዙን ሶፍትዌር፣ ፖስትግሬስን፣ ከአሮጌው 9.2 ወደ 16 አሻገርነው። ፍጥነቱ ምንም አይወጣለትም፤ ደግሞ በነፃ! ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት በቪው ነገር ነው። ቪው ማለት ከቴብል (ዳታው ከተቀመጠበት ሠንጠረዥ) የተመረጠውን የሚያሳይ መስኮት ነው። ድሮ ቪው ላይ ልጻፍ ያለ ሰው፣ ሩል ወይም ትሪገር (ሊጻፍ ሲሞከር ምን እንደሚደረግ የሚወስን መመሪያ) ካልተሠራለት፣ ስህተት ተብሎ ይመለስ ነበር። በ2013 ከወጣው 9.3 ወዲህ ግን ከአንድ ቴብል ብቻ የሚያነብ ቀላል ቪው በራሱ ይጻፍበታል። «ግሩፕ ባይ» (ረድፎችን የሚያጠቃልል) ወይም «ዲስቲንክት» (ድግግሞሽን የሚያስወግድ) ያለበት እንደ ድሮው ነው።

የኮምቦልቻ መጋዘን ሠራተኞች የጤፍ ዋጋ የሚያዩበት ቪው ላይ ከጥንት «ግራንት ኦል» (ሙሉ ፈቃድ) ተሰጥቷቸዋል። ያኔ ጉዳት አልነበረውም። አሁን ዋጋውን መቀየር ይችላሉ ማለት ነው። ዋናው ቴብል ላይ ፈቃድ ባይኖራቸውም አያግድም፤ ቪው ቴብሉን የሚነካው በባለቤቱ ፈቃድ ነዋ!

ኢንሰርት፣ አፕዴትና ዲሊትን (የመጨመር፣ የመቀየርና የመሰረዝ ፈቃድን) በ«ሪቮክ» ትእዛዝ ንጠቋቸው፤ ሰሌክት (ማንበብ) ይበቃቸዋል። ሱፐርዩዘርን (ሁሉም ፈቃድ ያለውን ዋና ተጠቃሚ) ግን ሪቮክ አያቆመውም። ለእሱ ስህተት የሚያስነሳ የ«ኢንስቴድ ኦፍ» ትሪገር (በመጻፉ ፈንታ የሚሠራ) ሥሩለት። የፖስትግሬስ ሰነድ ላይ ሁሉም በግልጽ ተጽፏል፤ ማን አንብቦት!