«ጋሼ፣ ይንበርከኩ!» ላለችኝ መምህርት

ይህን ምስጋና ሦስት ሳምንት አዘገየሁት። እየቆየ እንደ ዕዳ ከበደኝና ዛሬ ልወጣው።

ማመስገን የፈለግሁት የልጆች ፎቶ ማንሳት ያስተማረችኝን ባለሙያ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ «በአደባባይ እንዳይጠሩኝ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 6 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 3። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ወላጅ ስቱዲዮ ወሰድኳቸው። ምነው እግሬን በሰበረው! ሰውየው ልጄን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሰቅሎ «ሳቂ! ሳቂ እንጂ! ጥርስሽን አሳዪ!» ይላታል። እሷ ፈርታ ኩምትር አለች። ፍላሹ ቦግ ሲል ትንሹ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። «ልጆችዎ ሥርዓት የላቸውም» ብሎኝ አረፈ። ፎቶው ሲመጣ ደግሞ ፊቷን በኤዲት አጥቦ አጥቦ አሻንጉሊት አድርጓታል። አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ጠፍታለች። ያቺን ጠባሳ ያገኘቻት መራመድ የጀመረች ሰሞን ወድቃ ነው። አጥፋልኝ ያለው ማን ነው? እናቷ ፎቶውን አየችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች።

እልህ ያዘኝ። ካሜራ ገዛሁ፤ ስልጠናም ገባሁ። አሰልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ራሱ ሌንሶች ሲያወራ ከረመ። የእኔን ፎቶ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላየልኝም። ምስክር ወረቀት አስይዞ ሸኘኝ። ለዘመድ ወዳጅ ሳሳይ ደግሞ መልሱ «ያምራል፣ ይደጉልህ» ነው። ከልባቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከ«ይደጉልህ» ምን ይማሯል?

እሷን በሰው በሰው አገኘኋት። በዕድሜ ከእኔ በጣም ታንሳለች። «20 ፎቶ ይላኩልኝ፤ የሚያምሩትን ብቻ ግን እንዳይመርጡ» አለችኝ። ላክሁ። በማግስቱ ደወለች። ስለ ሃያዎቹ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ሁሉንም ቆመው ነው ያነሷቸው።»

መለስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው! ልጆቼ ሁሉም ላይ ትልቅ ግንባርና አጫጭር እግር ናቸው። እንደ ተከሳሽ አንጋጠው ያዩኛል።

«በዚህ ሳምንት ሌላ ምንም አይንኩ። ይንበርከኩና በእነሱ ዓይን ልክ ያንሱ።»

በየሳምንቱ እንዲህ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ። ቀጥሎ የመጣው የመስኮት ብርሃን ነው። ፍላሹን ማጥፋት፣ የቤቱን መብራትም ማጥፋት፣ ልጁን ወደ መስኮቱ ጎን ማስጠጋት። ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ እንደ ነጥብ ሲያበራ ያኔ መጫን። ከዚያ ከኋላ ያለውን ማየት ተማርኩ፤ ለካ ልጄ ላይ ስንት ጊዜ የመብራት ምሰሶ ከአናቱ አብቅዬበታለሁ! ፎከሱን ደግሞ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ። ለሚሯሯጡ ልጆች የካሜራውን ፍጥነት፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ አድርጋ ሰጠችኝ። ብርሃን ስለሚያስገባው የሌንስ ቀዳዳ፣ ስለ አፐርቸርም ደጋግማ አስረድታኛለች። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋው ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ያለችኝን ብቻ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው አንዱን ከሰዓት ነው። ትንሹ ካሜራ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር መግባት ለምዶ ነበር። ተስፋ ቆርጬ ነገርኳት። «እመጣለሁ» አለችና መጣች። ግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ፎቶ አላነሳችም። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ የሴቷን ልጅ የሚነቃነቅ ጥርስ ስትመረምር ቆየች። ከዚያ የካሜራውን ማንጠልጠያ በትንሹ አንገት አጠለቀችና «መጀመሪያ አንተ አንሳኝ» አለችው። አነሳት። የወጣው ጫማዋ ነው። እሷ ግን ልክ የእኔን ፎቶ እንደምታየው ኮስተር ብላ አየችው። «ጫማዬ በደንብ ወጥቷል። ብርሃኑም ጥሩ ነው። ፊቴን ግን ረስተኸዋል።» ልጁ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በሌላኛው ካሜራ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በዓይኗ ጠቀስ አደረገችኝ። ተጫንኩ።

ያ ፎቶ አሁን ግድግዳችን ላይ ነው። አፉ በሰፊው ተከፍቷል፣ አንድ ጆሮው በካሜራው ማንጠልጠያ ታጥፏል። «ሳቅ» ያለው ሰው የለም።

የእኔ የልጅነት ፎቶ አንዲት ብቻ ናት። የተዋስኩት ኮት እጅጌ ጣቶቼን ውጧቸዋል። «እንዳትንቀሳቀስ» ስለተባልኩ ትንፋሼን ውጬ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ስለነበር ጠርዟ አልቋል። ምን እንደሚያስቀኝ፣ ምን እንደምወድ ከእሷ ላይ ማንም አያውቅም። ለልጆቼ ይህን ያህል የምደክመው ለዚህ ይሆን? እንጃ።

አሁን ጨርሻለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ሳምንት በጣም የኮራሁበትን ፎቶ ላክሁላት። «ፊቱ ግሩም ነው ጋሼ። እጁን ግን አንጓው ላይ ቆርጠውታል። ወይ ሙሉውን ያስገቡት፣ ወይ ከአንጓው ከፍ አድርገው ክንዱ ላይ ይቁረጡት።» ሁሌም እንዲህ ናት። መጀመሪያ የሠራኸውን ታያለች፤ ከዚያ ያጎደልከውን አንዷን ነጥላ ትነግርሃለች። አታዋርድም፣ አትሸነግልምም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

እናንተም ካሜራ የለንም ብላችሁ አትቅሩ፤ በስልክ የሚያነሱትንም በደስታ ታስተምራለች። ሂዱ፣ አትጸጸቱም! አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ሱሪያችሁ ጉልበቱ ላይ ያልቃል። እኔ ሁለተኛውን አስጠግኛለሁ።