በልክ የተሰፋ ዝናር፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስላለ አንድ የቆዳ ሥራ ቤት

ይህን ግምገማ ለመጻፍ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቄያለሁ። ዝናር በበጋ ሁሉም ያምራል፤ ሙያው የሚለየው ሐምሌና ነሐሴን አልፎ ጥቅምት ላይ ጥይቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ነው። እኔም ባለፈው ግንቦት አዝዤ ሰኔ መጨረሻ ላይ የተረከብኩትን ዝናር ባለፈው ሳምንት ከአባቴ ጋር ሆነን ፈትሸነዋል።

አባቴ የሚኖሩት ተሁለደሬ ነው። ከአያቴ የወረሱትና በሕግ ያስመዘገቡት አንድ ቤልጅግ አላቸው፤ ሌሊት በረታቸውን ከጅብ የሚጠብቁትም በእሱ ነው። ቤልጅግ የምንለው በጀርመኑ ማውዘር ንድፍ በቤልጅየም የተሠራውን ባለ 7.92 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤርስታል ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ ያመረተው ይህ ጠመንጃ ከጣልያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያም ተገዝቶ ነበር። ጠመንጃው ዛሬም ጤነኛ ነው። ያስቸግረን የነበረው ጥይቱ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ጥይቱ የሚቀመጥበት ዝናር።

ቀድሞ የነበረን ዝናር ከሌላ ከተማ፣ ከአንድ ሱቅ፣ ተሰፍቶ ተሰቅሎ የተገዛ ነበር። ኪሶቹ ለማንኛውም ጥይት ይሆናሉ ተብለው በአንድ ስፋት የተቆረጡ በመሆናቸው የአባቴን ጥይት ሲያንገላቱት ከርመው አንድ ቀን ወንዝ ስንሻገር ሦስቱን ጣሉብን። ከዚያ የባሰው ግን ያልወደቁት ላይ የደረሰው ነው። ከክረምት በኋላ አንዷን ስስባት አልወጣ አለችኝ፤ እያዞርኩ ሳወጣት ወገቧ ላይ፣ ልክ ቆዳው በሚነካት ቦታ፣ አረንጓዴ ነገር ዙሪያዋን ቀለበት ሠርቶባታል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሰም ይለጠፋል፤ በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ ከሥሩ መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ ታየኝ። እነዚያን ጥይቶች አባቴ ዳግመኛ አላጎረሷቸውም። ለፖሊስ አስረክበዋቸዋል፤ ትክክልም አድርገዋል።

የጥይት ቀለህ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። በአገራችን ቆዳ ከሚለፋባቸው ነገሮች አንዱ ቀንጠፋ ነው፤ በቆዳው ውስጥ የሚቀረው የተክሉ አሲድ፣ በላዩ የሚቀባው ቅባትና እንደ ደሴ ባለ ጉም በማይጠፋበት አገር ያለው እርጥበት ሲገናኙ መዳቡን ይበሉታል። የተበላ ቀለህ ሲተኮስ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ሠራዊት ሚልስ የተባለ መኮንን ወዳወጣው ከጥጥ ወደተሸመነ ዝናር የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው አረንጓዴ ዝገት ነበር።

አሁን የምገመግመው ሥራ ቤት ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ ክፍል ነው። ባለሙያው በዕድሜ ከአባቴ ብዙም አያንሱም። ዝናር እንደምፈልግ ስነግራቸው መጀመሪያ ስለ ዋጋም ስለ ቀለምም አላነሡም።

«ታጣቂው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም ጋሼ፤ አባቴ ናቸው።»

«እንግዲያው ጋቢ እንደለበሱ ወገባቸውን በክር ለክተህ አምጣ። አንድ ባዶ ቀለህም ጨምር። ያልተተኮሰ ጥይት ግን እዚህ ቤት አይገባም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ሥራ ቤቱን እንዳምነው አድርጋኛለች። ፊት ለፊታቸው የከሰል ምድጃ ይጨሳል፤ ልጆች ይገባሉ ይወጣሉ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ደንበኛ ጥይት በኪሱ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድ ሰው ዝናሩን ምንም ቢያሳምረው አልሄድበትም።

ቀለሁን ስወስድላቸው ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አሳዩኝ። የተተኮሰ ቀለህ በጠመንጃው ጉሮሮ ውስጥ በጋዙ ግፊት ሆዱ ስለሚነፋ ካልተተኮሰው በጥቂቱ ይወፍራል፤ ዝናሩ በእሱ ልክ ብቻ ከተሰፋ ለደኅናው ጥይት ይላላል። ስለዚህ ከወይራ እንጨት አንድ ቅርጽ ይጠርባሉ። የቤልጅግ ቀለህ ከቂጡ በኩል 12 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ወደ ትከሻው ሲጠጋ ደግሞ ወደ 11 ይወርዳል። ወይራውም እንደዚያው ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሲጨርሱም በመስታወት ስባሪ ፍቀው ከባዶው ቀለህ ትንሽ ያሳንሱታል። ከዚያ ቆዳውን አርሰው በወይራው ላይ ይስቡትና በጥላ ያደርቁታል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል ብለው የነገሩኝ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ወስፌውን በጥርሳቸው እንደያዙ ነው።

ኪሱ ውስጥ ጥይቱን የሚነካው ቆዳው አይደለም። እያንዳንዱ ኪስ በሸማኔ የተሠራ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ገበር አለው፤ ስፌቱም ሰም በተቀባ ክር ነው። ቅባ ኑግ እንዲቀቡልኝ ስጠይቃቸው እንቢ አሉ። ቅባት በጥይቱ ላይ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ወደ ጠመንጃው ጉሮሮ ይገባል፤ ስለዚህ ቆዳው ከውጭ በኩል ብቻ ሰም ተቀብቷል።

ሌላው በጣም የወደድኩት የኪሱ ጥልቀት ነው። ጥይቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 82 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ኪሱ ከታች ክፍት ስለሆነ የአረሩ ጫፍ ከምንም ጋር አይጋጭም። ጥይቱን የሚይዘው የናሱ አካል ላይ ያለው ጥብቀት ብቻ ነው። ይህ ተራ ነገር አይደለም። አረሩ ሁልጊዜ ከሥር እየተገፋ ወደ ቀለሁ ውስጥ ከገባ ለባሩዱ የተተወው ቦታ ይጠብና ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ተጣሞ ከተቀመጠ ደግሞ ያ ጥይት ኢላማውን ይስታል።

በዚሁ አጋጣሚ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የአያቴን የውጅግራ ዝናር ኪሶቹን አጥብበው ለቤልጅግ እንዲያደርጉልኝ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ አድዋ ላይ የዋለውም እሱ ነው፤ 11 ሚሊሜትር የሆነ የእርሳስ አረሩ በጥቁር ባሩድ ይተኮስ ስለነበር ኪሶቹ የቤልጅግን ጥይት አያቆሙም። ባለሙያው አገላብጠው አይተው፣ «ይህን አልነካውም፤ እንዳለ ይቀመጥ» አሉኝ። በዚያው ዱሮ ሰዎች የተተኮሰ የውጅግራ ቀለህ እየለቀሙ በቤት በተቀመመ ባሩድ ይሞሉት እንደነበር አጫወቱኝ፤ ዛሬም ቀለህ ይዞ መጥቶ «የሚሞላ ሰው ታውቃለህ?» የሚላቸው አልፎ አልፎ እንደማይጠፋ በሐዘን ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም እፈልጋለሁ። ጥቁር ባሩድ በደካማ ግፊት ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተገኘው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ለ7.92 በአውሮፓ መለኪያ የተፈቀደው የመጨረሻ ግፊት 3,900 ባር ሲሆን ከዚያ በላይ ከወጣ ጠመንጃውን ሊጎዳ ይችላል። ጥይት በእጅ መሙላት በተፈቀደባቸው አገሮች ያሉ አዳኞች ግሬን የተባለውን የባሩድ ክብደት መለኪያ አንድ አስረኛ፣ ማለትም 0.0065 ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝናሉ፤ ከታተመው ጣሪያ አሥር በመቶ ያህል ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ የቀለሁን ሁኔታ በየጊዜው ይመረምራሉ። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች በመሳብ በሚያጎርሱ፣ ጥይታቸውም በቱቦ ውስጥ በሚደረደርባቸው ጠመንጃዎች ጫፉ የሾለ ጠንካራ አረር አይጠቀሙም፤ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛው ማቀጣጠያ ላይ ስለሚያርፍ በተኩሱ ንቅናቄ ሊያፈነዳው ይችላልና። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በሌለበት፣ ባሩዱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በማንኪያ የተሞላ ቀለህ ግን የተኳሹን ዓይንና እጅ ይወስዳል። ባለሙያው እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባቸው ባዶ እጁን ይመልሱታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ባይኖር እንኳ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር አልጠራጠርም።

ቅሬታዬን ላስቀምጥ። በስምንት ቀን ይደርሳል የተባለው ዝናር ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ሁለት ጊዜ ከተሁለደሬ በከንቱ ተመላልሻለሁ። በሄድኩ ቁጥር «አብሽር ልጄ፣ ቆዳው አልደረቀም» የሚል መልስ ነበር የሚጠብቀኝ፤ እውነት ቢሆንም ስልክ ተደውሎ ቢነገረኝ መንገዱ ይቀርልኝ ነበር። ዘለበቱም ከቆዳው ጋር አይመጣጠንም። ሃያ ጥይት ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ያ ስስ ብረት በሁለተኛው ወር መጣመም ጀምሯል፤ ይህን ስነግራቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ በወፍራሙ ቀይረውልኛል። የከፈልኩት 2,800 ብር ነው። ተሰፍቶ ከሚሸጠው ውድ ነው፤ ለእኔ ግን የሚያስቆጭ ዋጋ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አባቴ በረንዳ ላይ ነጭ ነጠላ ዘርግተው ሃያውንም ጥይት አንድ በአንድ አወጧቸው። ሁሉም ጠበቅ ብለው፣ ሳይንገራገጩ ወጡ። በነጠላው ጠርዝ ጠረግናቸው፤ ጨርቁ ላይ የቀረው የሰም ሽታና ጥቂት አቧራ ብቻ ነበር። አረንጓዴ ያገኘነው አንዷ ላይ ብቻ ነው። እሷም ዳር ያለው ኪስ ገበሩ በስፌት ስህተት አጥሮ ቆዳው የነካት ናት። ኪሷን ለማስጠገን የፊታችን ሰኞ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፤ ጥይቶቹ በተቆለፈው ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ይዤ የምሄደው ባዶውን ዝናርና ያንኑ ባዶ ቀለህ ነው።