ለቱሉ ዲምቱው ጋሼ ምስጋና፣ የቆየ መኪናቸው ለሚንቀጠቀጥባቸውም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአንድ በኩል የምስጋና ዕዳዬን ለመወጣት፣ በሌላ በኩል ደግሞ የቆየ መኪና ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ የምትንከራተቱ ወገኖች የእኔን ድካም እንዳትደግሙት ለመጠቆም ነው። ምስጋናዬ የሚደርሰው ከአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ መኪና ከሥር የሚታይበት አንድ ጉድጓድና አንድ ያረጀ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ይዘው ለሚሠሩ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ብሎ ለሚጠራቸው አዛውንት መካኒክ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ አደራ ስላሉኝ እዚህ አላሰፍረውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ አድራሻቸውን እሰጠዋለሁ።

መኪናዋ አባቴ «ማርቼዲስ» ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርተዋት የማያውቋት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች መርሴዲስ 240ዲ ናት። ከዚህ የመኪና ቤተሰብ ፋብሪካው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ስላመረተ፣ ዛሬም የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ገብቶ ዕቃዋን ማግኘት ይቻላል። እንዲያውም የእኔ ችግር የተባባሰው ዕቃው ስለማይጠፋ ይመስለኛል፤ ዕቃ በቀላሉ ሲገኝ ምርመራው ይቀርና መለወጥ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ በሚሰማ መንገራገር ነበር። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ የካርዳን ሻፍቷን፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ፣ የመካከለኛ ኩሽኔታ (ዘንጉ ተደግፎ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ለወጠልኝ፤ መንገራገሩም ጠፋ። ይሁንና በሳምንቱ አባቴን ይዤ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስወርድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከወለሉ ሥር የሚነሳ፣ ከድምፅና ከመንቀጥቀጥ መካከል የሆነ ነገር ተሰማን፤ 80 ስንደርስም በመመልከቻ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው መኪና ሁለት እስኪመስል ድረስ መስታወቱ ይርገበገብ ጀመር። ከ60 በላይ በማይነዳበት የከተማ መንገድ ላይ ምንም አይሰማም። ወደ ጋራዡ ተመልሼ ስናገር በመጀመሪያ አራቱም ጎማዎች ባላንስ ተደረጉ፣ ቀጥሎ ሁለት አዲስ ጎማ አስገዙኝ፣ በመጨረሻም ዲፈረንሻሉ (የዘንጉን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጥርሳም ክፍል) ካልተከፈተ መፍትሔ የለውም ተባልኩ። ቱሉ ዲምቱ ያደረሰኝ ይህ የመጨረሻው ምክር ነው።

ጋሼ መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት በርጩማ ላይ አስቀምጠው እኔን ጠየቁኝ። «መንቀጥቀጡ የሚሰማህ በእጅህ ነው ወይስ በመቀመጫህ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለይቼ አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ ሳስበው ግን መሪው ጸጥ እንደሚል፣ የሚርደው መቀመጫውና ወለሉ እንደሆነ ገባኝ። «እንግዲያው የፊት ጎማህን ለጊዜው ተወው፤ ከመነካቱ በፊትስ እንዲህ ትሆን ነበር?» ብለው ቀጠሉ። አዲሱ ኩሽኔታ ከተገጠመ በኋላ የመጣ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቁልፉን ተቀበሉኝ።

በመንገድ ላይ ያደረጉት ሙከራ ቀላል ቢሆንም ከዚያ በፊት ማንም አላደረገልኝም። 80 ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዱ፤ በዚያው ፍጥነት ሦስተኛ አስገቡ፤ ቀጥሎም መንገዱ ክፍት መሆኑን አይተው ማርሹን ነፃ አድርገው ለቀቋት። ሞተሩ ዙሩን ቢጨምርም ቢቀንስም መንቀጥቀጡ አልተለወጠም። ችግሩ የሞተር ወይም የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ቢሆን ኖሮ ከሞተሩ ዙር ጋር ይለዋወጥ እንደነበር ያስረዱኝ ወደ ግቢው ስንመለስ ነው። የቀረው ጥያቄ ጎማ ነው ወይስ ካርዳን ሻፍቱ የሚል ሲሆን፣ ይህን የፈታው ደግሞ አብሯቸው የሚሠራው ወጣት ነበር። ንዝረት የሚለካ መተግበሪያ በስልኩ ጭኖ ስልኩን ከመቀመጫው ሥር ካለው ብረት ጋር አስሮት ነበርና፣ በሰከንድ ወደ 41 የሚጠጋ ንዝረት መመዝገቡን አሳየን። የመኪናዋ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ80 ፍጥነት በሰከንድ የሚዞረው 11 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ዲፈረንሻሏ ግን 3.69 ስለሆነ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳን ሻፍቱ 3.69 ጊዜ ይዞራል፤ 11ን በዚህ ሲያበዙት 41 ገደማ ይመጣል። ጋሼ ሒሳቡን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያሳዩኝ ለሁለቱ አዲስ ጎማዎች ያወጣሁት ገንዘብ ትዝ ብሎኝ ሳልስቅ አልቀረሁም።

ከዚያ በኋላ ነበር መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ የቆመችው። በዚህ ሞዴል ላይ ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የፊተኛው ግማሽ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር፣ የኋለኛው ግማሽ ከዲፈረንሻሉ ጋር በላስቲክ ዲስክ ይያያዛሉ፤ መካከል ላይ አንድ ክሮቸራ (ዘንጉን የሚያተጣጥፍ መጋጠሚያ) እና በላስቲክ የታቀፈ ኩሽኔታ ይገኛል። ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ በሚንሸራተት ጥርስ ይጋጠሙና በአንድ ትልቅ ዳዶ ይጠበቃሉ። ፋብሪካው ባላንስ የሚያደርገው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ በመሆኑ፣ ሳይፈቱ ምልክት ካልተደረገባቸውና ሲገጠሙ በቀድሞው አቅጣጫቸው ካልተመለሱ ባላንሱ ይፈርሳል። ጋሼ የላስቲክ ዲስኮቹ አለመሰንጠቃቸውን፣ ክሮቸራውም አለመላላቱን ካረጋገጡ በኋላ ባትሪ አብርተው አንድ ነገር አሳዩኝ። አባቴ ከዓመታት በፊት የመኪናዋን ሆድ የዝገት መከላከያ ጥቁር ቅብ አስረጭተውት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቅቡ የቆመውን ዘንግ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለነካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጥቁር መስመር ቀርቶበታል። አሁን ግን የፊተኛው ግማሽ መስመር ወደ ታች ሲያይ የኋለኛው ወደ ጎን ዞሯል። ጋራዡ ኩሽኔታውን ሲለውጥ ያለ ምልክት ፈትቶ እንዳጋጠመው በሩብ ዙር አዛንፎ ገጥሞታል ማለት ነው። በዚህ ላይ የኩሽኔታው ላስቲክ ወደ ኋላ ተስቦ ተወጥሯል፤ ዳዶው መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ስለጠበቀ ዘንጉ ቦታውን ሳይዝ ታስሯል። ካምቢዮውን ከኋላ የሚሸከመው የላስቲክ መደገፊያም ዘይት ጠጥቶ ስለሰመጠ የዘንጉ አቀማመጥ ጎብጧል።

ጥገናው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። እኔ ሶማሌ ተራ ሄጄ መደገፊያውን ይዤ ስመለስ ዘንጉ ወርዶ፣ ጥርሱ ጸድቶና ግራሶ ተቀብቶ፣ ጥቁሩ መስመር ገጥሞ ጠበቀኝ። ከካምቢዮውና ከዲፈረንሻሉ የሚወጡት ማዕከል ጠባቂ ጫፎች የሚገቡባቸው ቡሽዎችም (ቀለበት መሰል ማስገቢያዎች) አለመበላታቸው ታይቶ ግራሶ ተሞላባቸው። የዲስኮቹ ቡሎኖች ሲጠብቁ ጋሼ ቡሎኑን አጥብቀው ይዘው ዳዶውን ብቻ ነበር የሚያዞሩት፤ ቡሎኑ ከዞረ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ትልቁን ዳዶና የኩሽኔታውን መያዣ ግን ላላ አድርገው መኪናዋን በአራት ጎማዋ መሬት ላይ አሳርፈው እየገፋን ወደፊትና ወደኋላ እንድናመላልሳት አዘዙን። ዘንጉ ራሱ ቦታውን ካገኘ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ጠበቅ አደረጉት። ዳዶው 46 እና 41 ሚሊሜትር ቁልፍ ይፈልጋል፤ እሳቸው ሁለቱንም ከወፍራም ላሜራ ቆርጠው ራሳቸው ሠርተዋቸዋል። የቀድሞው ጋራዥ በመዶሻና በካቻቢቴ እየመታ እንዳጠበቀው የዳዶው ጠርዝ ይመሰክራል።

ስንሞክራት መንቀጥቀጡ በአብዛኛው ጠፍቶ፣ 90 አካባቢ ግን ቀጭን እንጉርጉሮ ቀርቶ ነበር። እኔ በዚህም ረክቼ ልሄድ ነበር፤ ጋሼ ግን የውኃ ቱቦ የሚታሰርበትን ፋሼታ በኋለኛው ግማሽ ዘንግ ላይ አሰሩና በጠመኔ አራት ቦታ ምልክት አደረጉ። ፋሼታውን በየሩብ ዙሩ እያዞሩ እያንዳንዱን በመንገድ ላይ ሞከሩት፤ በሦስተኛው ምልክት ላይ እንጉርጉሮው ቀነሰ፤ ሁለተኛ ፋሼታ ጨምረው የሁለቱን ጭንቅላት ትንሽ ሲያራርቁት ጨርሶ አልሰማ አለኝ። ለምን በክሪክ ተነስታ ጎማዋ በአየር ላይ እየዞረ አይሞከርም ብዬ ነበር። ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ የኋላ አክስሎቹ ጎብጠው ሌላ መንቀጥቀጥ እንደሚፈጥሩና አደጋውም ቀላል እንዳልሆነ ነገሩኝ። ይህ የማሽን ባላንስን እንደማይተካም አልደበቁኝም።

የከፈልኩት ዋጋ ቀድሞ ካወጣሁት ሲሶ አይሞላም። ዲፈረንሻሉን እንዲያዩልኝ ብጠይቃቸው ዘይቱን ተመልክተው፣ ድምፁን አዳምጠው «ደህና ነው፤ አትንካው» አሉኝ፤ ከፍተውት ገንዘብ ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር። እንግዲህ እዚያ የምትሄዱ ሰዎች ልታውቁት የሚገባችሁ ነገር፣ ጋሼ በቀን ከአንድ መኪና በላይ አይቀበሉም፤ ችኮላም አይወዱም። ኤሌክትሮኒክስ የበዛበትን አዲስ መኪና ወደ ሌላ ይልካሉ፤ በክረምት ደግሞ ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ነው። ስትሄዱ መንቀጥቀጡ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰማችሁና ከየትኛው ጥገና በኋላ እንደመጣ አስተውላችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

አባቴ ባለፈው እሑድ ቢሾፍቱ ደርሰው ሲመለሱ መሪውን ለማንም አልሰጡም። ጋሼ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶውንና ፋሼታዎቹን እንዲያዩልኝ ተመለስ ስላሉኝ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሳሪስ ተነስቼ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ። ተመሳሳይ ችግር ያለው መኪና የያዘ ሰው ካለ ቀድሞ ይጻፍልኝና ተከትሎኝ ይምጣ።