ፋርማሲ ያለው የመድኃኒት መጣያ ሳጥን፦ እማዬን ያሳመነ

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ መድኃኒት አትጥልም። «ገንዘብ የወጣበት ነው፣ ለሰው ይሆናል» ትልና አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ላይ ትጨምራለች። የተረፈው ሁሉ፣ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ስትሆን የታዘዘላት ኦክሲኮዶን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሳይቀር፣ በብስኩት ቆርቆሮ አልጋዋ ሥር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የ3 ዓመቱ ልጄ ቆርቆሮውን እያንሿሿ ሳሎን ድረስ ይዞት መጣ። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ያኑ ቀን ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ወሰድነው። ሲቪኤስና ዋልግሪንስ የሚባሉት ፋርማሲዎች አንዳንድ ቅርንጫፋቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን አላቸው፣ ብዙ ፖሊስ ጣቢያም ይገኛል። ሳጥኑ ብረት ነው። መሳቢያውን ስባችሁ ታስገቡና ስትለቁት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ እጅ አይደርስበትም። ነፃ ነው፣ ስም የሚጠይቅም የለም። እማዬ «ለምን አልጨረስሽውም ይሉኛል» ብላ ስትፈራ ስለነበር ይሄ በጣም ቀለላት። ብልቃጦቹ ላይ ያለውን ስሟን ግን ቤት እያለን በማርከር አጥፍተናል።

ቅር ያለኝ ማስታወቂያው ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል። የኢንሱሊን መርፌ እንደማይቀበል ያየሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። መርፌውን መልሰን ወሰድን፣ አሁን ጠንካራ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ውስጥ ክዳኑ ተጠብቆ ተቀምጧል።

ሳጥን ሩቅ ለሆነባችሁ፣ ተራውን ክኒን ሳትፈጩ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በላስቲክ አጥብቃችሁ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። አተላ እንደሁ ከኛ ቤት አይጠፋም። ኦክሲኮዶንና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የሕመም ማስታገሻ፣ የፈንታኒል ፕላስተር፣ ግን ለየት ይላሉ። ጥቂቱም ቢሆን ሕፃን ሊገድል ስለሚችል፣ የሚረከባችሁ ቦታ ከሌለ ሽንት ቤት ጨምራችሁ ውሃ ልቀቁበት፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው የኤፍዲኤም ምክር ይኸው ነው። ልጅ የዋጠ ከመሰላችሁ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ፣ የመርዝ መረጃ ማዕከል (ፖይዝን ኮንትሮል) 1-800-222-1222 ደውሉ። 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም አለ። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ነው።

እማዬ በየቀኑ ለምትወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዝቼላት ቁም ሣጥኗ ላይ ሰቅለነዋል። መታጠቢያ ቤት እንፋሎቱ መድኃኒት ያበላሻል። ልጅ አይከፍተውም የሚባለውን ክዳንም አትመኑት፣ የኔው ልጅ አንዱን ሲከፍተው በዓይኔ አይቻለሁ። የሳጥኑን ቁልፍ እማዬ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች።