የኦስካር ሽልማት እንደ አገልግሎት ሲመዘን፦ በሩ ውድ፣ ቆጠራው የታመነ

ስለ ኦስካር በየዓመቱ የሚጻፈው አስተያየት በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በቀይ ምንጣፉ፣ በመድረክ መሪው ቀልድና በተሸላሚዎቹ ንግግር ርዝመት ላይ ነው። እኔ ግን በፊልም ኤዲቲንግ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ፣ አንድ ፊልም ለውድድር ከሚመዘገብበት ቀን አንሥቶ የአሸናፊው ስም በሐውልቱ ላይ እስከሚለጠፍበት ሌሊት ድረስ ያለውን አሠራር፣ አንድ ደንበኛ የሚገለገልበትን ድርጅት በሚመዝንበት መንገድ ልመዝነው እወዳለሁ። ፍርዴን ለመጨረሻ አላቆየውም፤ የድምፅ ቆጠራው ከማውቃቸው ውድድሮች ሁሉ የታመነ ነው፤ የመግቢያው በር ግን ለብዙው ፊልም ሠሪ እጅግ ውድ ነው፤ ድምፅ ሰጪዎቹም ቢሆኑ የሚዳኙትን ፊልም ሁሉ የማየት ግዴታ የተጣለባቸው ገና በቅርቡ ነው።

አገልግሎት ሰጪው እ.ኤ.አ. በ1927 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቋቋመው የፊልም ጥበባትና ሳይንስ አካዳሚ ነው። የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል በእራት ግብዣ መልክ ሲካሄድ የመግቢያው ዋጋ 5 ዶላር፣ ሽልማቱን አድሎ ለመጨረስ የፈጀው ጊዜም ወደ 15 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ አሸናፊዎቹ ከሦስት ወር በፊት ተነግረው ስለነበር ማንም ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ዝግጅቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። 97ኛው ሥነ ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲጀምር፣ ቤቴ የተሰበሰቡት የሥራ ባልደረቦቼ ሁለተኛውን ጀበና አጋምሰው ነበር።

ከበሩ ልጀምር። አንድ ፊልም በጠቅላላው ውድድር ለመሳተፍ ርዝመቱ ከ40 ደቂቃ መብለጥ አለበት፤ ከዚያም በአንድ የፈረንጆች ዓመት ውስጥ፣ አካዳሚው ከወሰናቸው ስድስት የአሜሪካ አካባቢዎች ማለትም ከሎስ አንጀለስ፣ ከኒው ዮርክ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ አካባቢ፣ ከቺካጎ፣ ከአትላንታ ወይም ከዳላስ ፎርት ዎርዝ በአንዱ፣ ትኬት እየተሸጠ ለሰባት ተከታታይ ቀናት በሲኒማ ቤት መታየት ይኖርበታል። በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መታየት ያለበት ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ባለቤቱ ፊልሙን በባዶ የጠዋት ሰዓት አሳይቶ ደንቡን እንዳያታልል የታሰበ ይመስለኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚገኝበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ፣ አንድ የአማርኛ ፊልም እዚያ ለወራት ሙሉ አዳራሽ ቢሞላ እንኳ ለዚህ ጉዳይ አንድም ነጥብ አይቆጠርለትም።

ለምርጥ ፊልም ዘርፍ የሚወዳደር ደግሞ ከዚህ የከበደ ይጠብቀዋል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ ከ50ዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ የፊልም ገበያዎች በ10ሩ ተጨማሪ የሰባት ቀን ዕይታ ማግኘት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተካሄደው 96ኛው ሥነ ሥርዓት ወዲህም በተዋንያንና በሠራተኞች ስብጥር፣ በሥልጠና ዕድልና በመሳሰሉት ከተዘረዘሩት አራት የአካታችነት መስፈርቶች ሁለቱን ማሟላቱን በቅጽ ያሳውቃል። መስፈርቶቹ ብዙ ክርክር አስነሥተዋል፤ ለእኔ ግን የሚከብደው ቅጹ ሳይሆን ኪራዩ ነው፤ አከፋፋይ የሌለው ፊልም ሠሪ በአሥር ከተሞች ሲኒማ ቤት ይዞ ማስታወቂያ የሚያሠራበትን ገንዘብ ከየት ያመጣዋል?

ይህን ለማይችል ሁለት ጎን በሮች አሉ። አንደኛው የአጭር ፊልም በር ነው፤ አካዳሚው እውቅና በሰጠው ፌስቲቫል የተወሰነ ሽልማት ያሸነፈ አጭር ፊልም የአሜሪካን ሲኒማ ቤት ሳይረግጥ መመዝገብ ይችላል። በዚህ በር ለመግባት ያሰበ ሁሉ ሰዓቱን በጥንቃቄ ይያዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤዲት ያደረግሁት አንድ ፊልም ታሪኩ በ38 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲያልቅ ሁላችንም ተደስተን ነበር፤ ነገር ግን 40 ደቂቃ የሚለው ገደብ በመጨረሻ የሚወርደውን የስም ዝርዝር ሁሉ ይጨምራልና፣ ፕሮዲውሰሩ ያመሰገናቸው ዘመድ አዝማድና ቤታቸውን ለቀረጻ የፈቀዱ ጎረቤቶች ተደምረው ፊልሙን ወደ 41 ደቂቃ ወሰዱት። ያን ሌሊት ከፊልሙ አንዲት ምስል ላለመንካት ስንል የጽሑፉን ፍጥነት ጨመርን፣ ሦስቱን ዓምድ በአንድ ገጽ አጨናነቅን፣ በመጨረሻም ፕሮዲውሰሩ የባለቤታቸውን ወገኖች ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አስቀሩ። ፊልሙ በየትኛውም ፌስቲቫል አላሸነፈም።

ሁለተኛው ጎን በር የዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ፊልሙ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ፣ ከንግግሩም ከግማሽ በላይ በእንግሊዝኛ ያልሆነ መሆን አለበት፤ የሚልከውም ፕሮዲውሰሩ ሳይሆን በየአገሩ የተቋቋመው መራጭ ኮሚቴ ሲሆን ከአንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ይቀበላሉ። በሰባት ቀናት የሲኒማ ቤት ዕይታ ረገድ አገር ውስጥ መታየቱ በቂ ስለሆነ ለእኛ የሚቀርበው ይህ በር ነው። የቋንቋው ደንብ ግን ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የላከችው ፊልም አብዛኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከውድድር ሲወጣ፣ እንግሊዝኛ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ መሆኑ አላዳነውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 በአበበ ቢቂላ ሕይወት ላይ የተሠራውን ፊልም በመላክ ጀምራ፣ በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት»፣ በ2015 ደግሞ በካን ፌስቲቫል የታየውን የያሬድ ዘለቀን ፊልም ልካለች፤ እስካሁን ግን ለመጨረሻዎቹ አምስት ዕጩዎች የደረሰ የለንም። ከዚህ ውጭ፣ ጄሲካ በሽር በሐረርና በአካባቢዋ ስለ ጫት የሠራችው «ፋያ ዳዪ» በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ዕጩዎቹ ከመለየታቸው በፊት እስከሚወጣው የ15 ፊልሞች ዝርዝር ድረስ ዘልቆ ነበር።

ከበሩ ያለፉት ፊልሞች ዕጩ የሚሆኑት በሙያ ባልደረቦች ድምፅ ነው፤ ይህ የአሠራሩ መልካም ጎን ነው። ከ9 ሺህ በላይ የሆኑት ድምፅ ሰጪ አባላት በየሙያቸው ተከፍለው፣ ተዋናይ ተዋናይን፣ ኤዲተር ኤዲተርን፣ የድምፅ ባለሙያም የድምፅ ባለሙያን ይጠቁማል፤ ምርጥ ፊልምን ግን ሁሉም ይጠቁማሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ኔጋ እ.ኤ.አ. በ2017 በምርጥ ዋና ተዋናይት ዘርፍ ዕጩ ስትሆን ድምፁን የሰጧት ተዋንያን ነበሩ። በመጨረሻው ዙር ግን አጥሩ ይፈርስና አባላቱ ሁሉ በሁሉም ዘርፍ ድምፅ ይሰጣሉ። ስለ ኤዲቲንግ አንዳች የማያውቅ ተዋናይ ምርጡን ኤዲተር እንዲመርጥ መፈቀዱ እኔን በግሌ አይዋጥልኝም፤ በተቀነባበረ ፊልም ውስጥ የኤዲተር ሥራ ካልታየ ነውና ጥሩ የሚባለው፣ ብዙ የተቆራረጠ ፊልም ምርጥ ኤዲቲንግ ተብሎ የሚሸለምበትን ምክንያት ከዚህ ውጭ ልገልጸው አልችልም።

በአብዛኛው ዘርፍ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የምርጥ ፊልም ዘርፍ ቆጠራ ግን የተለየ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ «ያ ፊልም እንዴት ተሸነፈ?» እያለ የሚገረምበትም እዚሁ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። መራጩ አሥሩን ዕጩዎች ከአንደኛ እስከ አሥረኛ በደረጃ ያስቀምጣል። በዚያ ሌሊት እኛም ቤት ውስጥ በአራት ፊልሞች ሞከርነው፤ 15 ሰዎች ከልጄ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ደረጃ ሰጡ፣ እኔም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በአራት ክምር ደረደርኳቸው። በአንደኛ ምርጫ ፊልም ሀ 6፣ ፊልም ለ 4፣ ፊልም ሐ 3፣ ፊልም መ 2 አገኙ። ከግማሽ በላይ ማለትም 8 ያገኘ ስላልነበረ የመጨረሻው መ ወጣና ሁለቱ ወረቀቶች በሁለተኛነት ወደጻፉት ፊልም ሄዱ፤ ሁለቱም ለን ጽፈው ነበር። ሀ እና ለ እኩል ስድስት ስድስት ሆኑ። ቀጥሎ ሐ ሲወጣ ከሦስቱ ወረቀቶች ሁለቱ ወደ ለ፣ አንዱ ወደ ሀ ሄዱና ለ በ8 ለ7 አሸነፈ። ካሜራ ማን የሆነው ጓደኛዬ ሀን የመረጡት ስድስት ሰዎች መሪ ነበርና «ተሰረቅን!» ብሎ ተነሣ፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ግን ሀን የሚወዱት አንደኛ፣ የማይወዱት ደግሞ አብዛኞቹ አራተኛ ላይ እንዳስቀመጡት ራሱ አየ። ይህ ቆጠራ ጥቂቶች የሚያብዱለትን ፊልም ሳይሆን ብዙዎች የማይጠሉትን ያነግሣል። አካዳሚው በዚህ መንገድ የሚሠራው ዕጩዎቹን ከአምስት ወደ አሥር ካሳደገበት ከ82ኛው ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው።

ድክመቱ ያለው ከቆጠራው በፊት ነው። አባላቱ ፊልሞቹን የሚያዩበት የአካዳሚው የግል ድረ ገጽ አለ፤ በዚያ ለመቀመጥ ግን አንድ ፊልም ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲያስከፍል ቆይቷል፤ በዚያ ላይ የጋዜጣ ማስታወቂያው፣ የልዩ ዕይታው ግብዣና የቅስቀሳ ባለሙያው ክፍያ ይታከላል። ቅስቀሳ ደንብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የቀድሞ የአካዳሚው የቦርድ አባል ስለ ዘፈኑ ለድምፅ ሰጪ ባልደረቦቹ በኢሜይል ጽፎ ስለነበር ዕጩነቱ ተሰርዟል። በአንጻሩ በሕጋዊ መንገድ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ስቱዲዮ ምንም አይባልም። ፊልሙን ሳያዩ ድምፅ መስጠትን በተመለከተ ግን ከ98ኛው ዙር ጀምሮ ቆራጥ እርምጃ ተወስዷል፤ አንድ አባል በአንድ ዘርፍ ያሉትን ዕጩ ፊልሞች ሁሉ ካላየ በዚያ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ በፌስቲቫል ወይም በሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ የሚል ደግሞ የት እንዳየው ይሞላል። የሚዋሽ መኖሩ አይቀርም፤ ቢሆንም ቀድሞ ለመዋሸት እንኳ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም።

ስለ ቆጠራው ታማኝነት የምመሰክረው እ.ኤ.አ. የ2017ቱን ስሕተት ረስቼ አይደለም። ያኔ ውጤቱን አስቀድመው የሚያውቁት ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በመድረኩ ግራና ቀኝ ሙሉ የኤንቨሎፕ ስብስብ ይዘው ይቆሙ ነበር። በዚያ ዓመት አንደኛው የተነበበውን የምርጥ ተዋናይት ኤንቨሎፕ ሌላ ቅጂ በስሕተት ለአቅራቢዎቹ ሰጠና «ላ ላ ላንድ» አሸነፈ ተባለ፤ ተሸላሚዎቹ ንግግር ከጀመሩ በኋላ ትክክለኛው አሸናፊ «ሙንላይት» መሆኑ ተነገረ። ውርደት ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱ የአቀባበል እንጂ የቆጠራ አልነበረም፤ በሚሊዮኖች ፊትም በደቂቃዎች ውስጥ ታረመ። ስንት የሽልማት ድርጅት እንዲህ ያርማል?

ከአሸናፊነት በኋላ ያለው አገልግሎትም የራሱ ጣዕም አለው። ሐውልቱ 34 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 3.85 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው፣ በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ተሸላሚው ሊሸጠው ቢፈልግ ግን በመጀመሪያ ለአካዳሚው በ1 ዶላር የማቅረብ ግዴታ አለበት። መድረክ ላይ ሲቀበለው ስም የለበትም። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወደ ግብዣው አዳራሽ ይዞት ይሄድና በአንድ ጠረጴዛ ፊት ተሰልፎ የስሙን ሰሌዳ ያስገጥማል። ማን እንደሚያሸንፍ ሠራተኞቹ አስቀድመው ስለማያውቁ ሰሌዳ የሚቀረጸው ለዕጩዎቹ ሁሉ ነው፤ የተሸናፊዎቹን ስም የያዙት ተሰብስበው መልሰው ጥቅም ላይ እንዲውሉ ይላካሉ።