ዘጠኝ ወር ከታጣፊዋ ብስክሌቴ ጋር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሐይቆቹ ዳር

የገዛኋት ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ከአራት ኪሎ ተነስቼ አስራ አንድ ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ፣ አራት ጊዜ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ወንጪ ይዣት ወጥቻለሁ። ስለ አንድ ዕቃ ለመናገር ይህን ያህል መጠቀም ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ባለ 20 ኢንች ጎማ ታጣፊ ብስክሌት ናት። ሰባት ማርሽ አላት። አካሏ አሉሚኒየም ነው፤ ከነዕቃ መጫኛዋ 12.5 ኪሎ ትመዝናለች። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ የውጭ ዜጋ በ32 ሺህ ብር ገዛኋት። የፋብሪካው ስም ተልጦ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የምጽፈው ስለ ዓይነቷ ነው።

ለምን ታጣፊ መረጥኩ? እኔ የምፈልገው ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ጡሩምባ የማይሰማበት፣ ጭስ የማይዋጥበት፣ አጠገቡ ውሃ ወይም ዛፍ ያለበት። ይህ ፍላጎት የመጣብኝ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነው። በእነዚያ እሁዶች መኪና ሲከለከል፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልነካሁትን ብስክሌት መልሼ ለመድኩ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ብስክሌት ላይ የሚያደክመኝ ዳገቱ ሳይሆን ከኋላዬ የሚመጣው መኪና መሆኑ ነው።

መሀል አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ጸጥ ያለ አገር ሩቅ አይደለም። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ችግሩ እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ነው። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ብስክሌት አያስገባም። የድሮው መንገድ ደግሞ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም ያልፋል፤ ሲኖትራክና ተሳቢ የማይጠፋበት መንገድ ነው። ታናሽ ወንድሜ በትልቁ የተራራ ብስክሌቱ አንድ ቀን ሞከረው። ቢሾፍቱ ሲደርስ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐይቁን እንኳን ሳያይ ብስክሌቱን የሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ተመለሰ። እኔ ያንን መንገድ የማልፈው ብስክሌቴን አጥፌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። የዚች ብስክሌት ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከንጋቱ 11፡30 ላይ ከቤት እወጣለሁ። ሥላሴ ቅዳሴ ተጀምሯል። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። 12.5 ኪሎ ተሸክሞ መውረድ ቀላል ነው፤ ማታ ደክሞኝ ስመለስ መውጣቱ ግን ይከብዳል። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ፣ በሂልተንና በአፍሪካ አዳራሽ አድርጌ መስቀል አደባባይ እስክደርስ ቁልቁለት ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የብስክሌት መስመር ስላለ በዚያ ሰዓት ብቻዬን እንሸራተታለሁ። ረፈድ ሲል መስመሩ ላይ እግረኛም፣ የቆመ መኪናም ስለሚገባበት ማልዶ መውጣት ይሻላል።

ከዚያ አጥፋታለሁ። መሪውን ማውረድ፣ ኮርቻውን ወደ ታች ማስገባት፣ ወገቧን ፈትቶ ማጠፍ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ከሃያ ሰከንድ አያልፍም። በሚኒባስ ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ግን ከወያላው ጋር ሁሌም ትንሽ ንግግር አለ።

«እህት፣ ይሄ የሁለት ሰው ነው የሚያስከፍለው።»

«ወንድሜ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ትገባለች። እያትማ።»

ያያታል፤ ትገባለች። አብዛኛውን ጊዜ የግማሽ ሰው ሂሳብ እጨምራለሁ። ተሳፋሪ በበዛበት ቀን ሙሉ የሰው ሂሳብ የከፈልኩበት ጊዜም አለ። ከሁለት ማዳበሪያ ከረጢት መያዣ ካሰፋሁላት ወዲህ ክርክሩ በጣም ቀንሷል። ካቴናዋ የሰው ልብስ አይነካም፤ ወያላውም የሚያየው ጆንያ እንጂ ብስክሌት አይደለም። ለልብስ ሰፊው የከፈልኩት 200 ብር ነው። ታጣፊ የምትገዙ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አሰፉ።

ቢሾፍቱ ወርጄ ስዘረጋት ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም። ከተማው ውስጥ ባጃጅና ጋሪ አለ፤ ቶሎ ወጥቶ መሄድ ነው። ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ የከፈታቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ በውሃው አጠገብ ሳይሆን ከላይ በገደሉ አፍ ነው የሚሄደው። ሆራና ባቦጋያ ዳር አብዛኛው ቦታ በሪዞርትና በግቢ አጥር ተይዟል፤ ይህ ያሳዝነኛል። በአጥሮቹ መካከል ብቅ የሚለውን ውሃ እያየሁ አልፋለሁ። የምወደው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የአፈር መንገድ ነው፤ ስፒሩሊና በሚባለው ደቃቅ ዋቅላሚ ወደሚታወቀው አረንጓዴ ሐይቅ የሚወስደውን።

እዚያ መንገድ ላይ በኅዳር መጨረሻ መሄድ አለባችሁ። ግራና ቀኝ የአድአ ጤፍ ነው። ገሚሱ ታጭዷል፤ ገሚሱ እንደቆመ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ፊት ለፊት ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። መኪና የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሄጄ ያገኘሁት ሁለት አህያና ጭድ የጫነ አንድ ጋሪ ነው። ጎማው አፈሩ ላይ ሲሄድ ሹክሹክታ ያሰማል። ፔዳል መምታት ሳቆም የኋላ ቸርኬው ትክ ትክ ይላል። ከሩቅ በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማል። ውሃ ልጠጣ ቆሜ፣ ደረቴ ውስጥ የሚመታውን ልቤን የሰማሁበት ቦታ ነው።

የብስክሌቷን የመጀመሪያ ጉድለት የነገረኝም ያ ጸጥታ ነው። በእያንዳንዱ ፔዳል ምት ከወገቧ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ወር ስነዳት አንድም ቀን አልሰማሁትም፤ በታክሲው ጡሩምባ ተውጦ ነው። ቤት ተመልሼ ሳያት የማጠፊያው ቡሎን ላልቷል፤ መካከሉም ግራሶ ደርቆ አቧራ ይዟል። አጽድቼ፣ ግራሶ ሞልቼ አጠበቅኩት፤ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ ይህን አደርጋለሁ። በአፈር መንገድ ላይ የሚሄድ ታጣፊ ያለው ሰው ይህን ችላ ማለት የለበትም፤ ማጠፊያው ሲላላ የሚቆመው አደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በሚያዝያ መጣ። ማታ ዘንቦ ነበር፤ ጠዋቱ ጠራ ብሎ ወጣሁ። የአድአ አፈር ዋልካ መሆኑን ረስቻለሁ። ሃምሳ ሜትር እንደሄድኩ ብስክሌቷ ቀጥ አለች። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። ትንሽ ጎማ ሲሆን ክፍተቱም ትንሽ ነው። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስታገል አንድ አባት በሬያቸውን አቁመው መጡ። ባሕር ዛፍ ጭራሮ ቆርጠው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ዋልካ ላይ ጎማ አይሄድም። በሳሩ ዳር ዳር ያዢያት፤ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል» አሉኝ።

«እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እንዳሉኝ በሳሩ ዳር እየገፋሁ ሄድኩ። ዱላዋን እስካሁን ዕቃ መጫኛዋ ላይ አስሬ እይዛታለሁ። ፓራፋንጎዎቹን ግን በዚያው ሳምንት ፈታሁ። በርግጥ ጀርባዬ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ከመቆም ይሻላል።

ስለ ማርሹ ትንሽ ላብራራ፤ ገዢ ብዙ ጊዜ የማያየው ነገር ነው። ስገዛት ፔዳሉ ጋ ያለው የፊት ማርሿ 52 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ደግሞ 28 ጥርስ ነበረው። በቀላሉ ማርሽ ፔዳሉን አንድ ዙር ሳዞር 2.9 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ለሜዳ ከተማ ይሆናል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን ዳገት ነው፤ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። ጉልበቴ ማታ ማታ መታመም ሲጀምር የፊቱን በ44 ጥርስ አስቀየርኩት፤ ካቴናውም ጥቂት ቀለበት አጠረ። አሁን በአንድ ዙር 2.4 ሜትር ያህል ናት። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን ሌላ ብስክሌት ሆነች። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቷ ቀንሷል። አልቆጨኝም፤ የምወጣው ለመሮጥ አይደለም።

መናገሻ ሱባ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፤ ደን ውስጥ ታጣፊ ይቸገራል። ሰበታ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአቧራ መንገድ ወደ ወጨጫ ተራራ ጎን ነው የሚወጣው። ድንጋዩ ላይ ትልቅ ጎማ የሚያልፈውን ጉድጓድ 20 ኢንች ጎማ ይገባበታል። የጎማውን ነፋስ ከ55 ወደ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ሳወርደው መንቀጥቀጡ ቀለል አለ፤ አልጠፋም። መንገዱን ግማሽ ያህል በእግሬ እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ቢሆንም አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። የደኑን ዛፎች ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ያስተከሉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፤ በ15ኛው መቶ ዘመን። ጥዱ ወፍራም ነው፤ ልጡ በረዥሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ጥላው ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጠዋት ሦስት ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ጥላው ውስጥ አብረቀረቀ። መኪና ይዤ ብሄድ ኖሮ ቀድመው ይሰሙኝ ነበር። እያንዳንዱን ሜትር ፔዳል እየመታሁ ልሂድ ለሚል ሰው ግን ለዚህ ቦታ የተራራ ብስክሌት ይግዛ እላለሁ። ከመሄዴ በፊት ሁሌም የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱ እጠይቃለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።

ወንጪ ያየሁት የፍሬኗን አቅም ነው። ቁልቁለቱ ረዥም ነው። ታች ስደርስ ቸርኬው በእጅ አይነካም፤ የፍሬን ጎማዎቹም በአንድ ቀን አለቁ። ሐይቁ እጅግ ውብ ነው፤ በዚች ብስክሌት ግን አልደግመውም።

ዕቃ አጫጫን ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ገዛሁ። የታጣፊ የኋላ ክፍል አጭር ስለሆነ ፔዳል በመታሁ ቁጥር ተረከዜ ቦርሳውን ይመታዋል። ሰጠሁት። አሁን ተራ የጀርባ ቦርሳዬን ዕቃ መጫኛው ላይ አጋድሜ አስራለሁ፤ ዳቦ፣ ውሃ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ። ይበቃል። የአካሏ ዝቅ ማለት ግን ተመችቶኛል፤ በቀሚስም እወጣባታለሁ።

ለጥገና እስካሁን ያወጣሁት ከ5 ሺህ ብር አይበልጥም፤ ትልቁ የፊት ጥርሱ ነው። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈንድቶብኛል። ጥሩው ነገር፣ ጎማዋ ከልጆች ባለ 20 ኢንች ብስክሌት ጎማ ጋር አንድ መሆኑ ነው። መርካቶ ሞልቷል፤ ቢሾፍቱ ያለው ጎሚስታም የውስጡን ጎማ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ቀየረልኝ። የጎደለብኝ የማጠፊያው መቆለፊያ ነው፤ ያ ቢሰበር ከየት እንደማገኝ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ።

ሰሞኑን ዝናቡ ስለጠነከረ አጥፌ አልጋዬ ሥር አስገብቻታለሁ። ወንድሜ የተራራ ብስክሌቱን ሸጦ ታጣፊ ሊገዛ ወስኗል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አሮጌ ታጣፊ ልናይ አብረን ሄድን። ጎማዋ አዲስ ነው፤ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ዋጋዋም ከእኔዋ ይቀንሳል። ወንድሜ ገንዘቡን ከኪሱ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ወገቧን ዘርግቼ ማጠፊያው ሥር በስልኬ መብራት ሳይ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር አየሁ። ሻጩ «የቀለም ጭረት ነው» አለ። ጥፍሬን በመስመሩ ላይ ሳስኬድ ጥፍሬ ያዘው፤ ስንጥቅ ነው። አመስግነን ወጣን።