ሶዲየም አዮዳይድ፣ ላንታነም ብሮማይድ ወይስ ጀርማኒየም? ባህር ዳር ላይ ለጋማ ላብ የሚገዛ ሰው ምን ይምረጥ

ሰሞኑን ፔዳ አካባቢ ቡና ይዘን የተከራከርንበት ጉዳይ ነው። የኒውክለስ ኤክሳይትድ ስቴት (ኒውክለሱ ተጨማሪ ጉልበት የያዘበትን ሁኔታ) ማጥናት ለሚፈልግ ላብ የቱ ዲቴክተር (ጋማ ጨረር የሚለካ መሣሪያ) ይገዛ? እኔ የማወዳድረው በዩሮፒየም 152 ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ሶርስ (የጨረር ምንጭ) አብዛኛው ወደ ሳማሪየም 152 ቀሪው ወደ ጋዶሊኒየም 152 ይቀየርና ሁለቱም ወደ ታችኛው ሌቭል (የጉልበት ደረጃ) ሲወርዱ ጋማ ይለቃሉ፣ የሳማሪየም የመጀመሪያው ሌቭል 121.8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፣ የጋዶሊኒየም ግን 344.3። ልዩነቱ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ ሳማሪየም 152 ሞላላ ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ይሽከረከራል።

ሶዲየም አዮዳይድ ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ጋማም በደንብ ይይዛል። ሲዚየም 137 ላይ ሪዞሉሽኑ (ተቀራራቢ ጉልበቶችን የመለየት አቅሙ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) 7% ገደማ ነው፣ የኮባልት 60ን የ1173 እና የ1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማዎች ለይቶ ያሳያችኋል። ዩሮፒየም ስታደርጉበት ግን 1085.8 እና 1112 አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናሉ። ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። አንዴ ማሸጊያው የላላ ክሪስታል ክረምቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ በመስከረም ስናየው ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ፒኩም (ግራፉ ላይ ጋማው የሚታይበት ጉብታ) ተንቧችሮ ሲዚየሙን እንኳን በግድ ነበር የምናውቀው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ከጣና የሚመጣውን እርጥበት አትናቁት።

ላንታነም ብሮማይድ 3% ገደማ ይሰጣል፣ ትልቁ ጥቅሙ ግን ፍጥነቱ ነው። የሳማሪየም 121.8 ሌቭል ሃፍ ላይፉ (ግማሹ የሚወርድበት ጊዜ) 1.4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፣ ይሄን በቀጥታ መለካት ከፈለጋችሁ ሁለት ላንታነም ግዙ፣ አንዱ ሌቭሉ ሲፈጠር ሌላው ሲወርድ የሚወጣውን ጋማ እንዲይዝ። ችግሩ ክሪስታሉ ውስጥ ራሱ ላንታነም 138 አለ፣ 1436 ላይ የራሱን ጋማ ያወጣና የዩሮፒየም 1408 አጠገብ ይጋረጣል።

ጀርማኒየም ሌላ ዓለም ነው። 1332 ላይ የፒኩ ስፋት 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፣ ስለዚህ 1085.8 (ሳማሪየም) እና 1089.7 (ጋዶሊኒየም) ተለያይተው ይቆማሉ፣ የሁለት የተለያየ ኒውክለስ መስመር ነው እኮ! ለሌቭል ስኪም (የኒውክለሱን ደረጃዎች የሚያሳይ ሥዕል) ያለሱ አይሆንም ባይ ነኝ። ግን ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ያውም ሳይቋረጥ፣ ስለዚህ ለከብት ማዳቀያ ናይትሮጅን የሚያመላልሱ ሰዎችን ሳታናግሩ እንዳትገዙ። በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዘውን ከመረጣችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፣ ግማሽ ሞቆ ወዲያው መልሶ ማቀዝቀዝ አይቻልም፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ጀነሬተርና ዩፒኤስ ከዲቴክተሩ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ለዲግሪ ተማሪ ላብ ሶዲየም አዮዳይድ ይበቃል። ለማስተርስ ቴሲስ ግን ብሩን አጠራቅማችሁ ጀርማኒየም ግዙ፣ ያገለገለ ካገኛችሁም ሻጩ 1332 ላይ ያለውን ስፋት ፊታችሁ ይለካላችሁ፣ ከ2 ብዙ ካለፈ ተዉት።